እናት የሌለችበት የገና ፎቶ

የገና ዕለት ከደብረ ታቦር ወይም ከዙሪያዋ ገጠር የቤተሰብ ፎቶ የደረሳችሁ ሰዎች፣ ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ወጣቶቹ ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል። ልጆቹ ከፊት ቁጢጥ ብለዋል። አባት ጋቢያቸውን ደርበው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድፎ ዳቦው አለ፣ ቄጤማው አለ፣ የበጉ ቆዳ ሳይቀር ከኋላ አጥር ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ዳቦውን የደፉት፣ ሽንኩርቱን ከዋዜማው ጀምረው ያቁላሉት እናት ግን የሉም። "እማዬስ?" ብሎ የሚጽፈው ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ወይም አዲስ አበባ ያለው ልጅ ነው። የሚመለስለት መልስም ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ "ጓዳ ናት።"

ፎቶው ሌላም ጉድለት አለበት። የተነሣው በቀትር ነው። ነጠላው ያንጸባርቃል፤ ፊቱ ግን ጠቁሮ የማን እንደሆነ ለመለየት ስልኩን አስጠግቶ ማየት ይጠይቃል። ዐይን በፀሐይ ተጨፍኗል፣ ግንባርና አፍንጫ ይበራል፣ ከቅንድብ በታች ያለው ሁሉ ጥላ ነው።

ሁለቱንም ማስተካከል ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ጥሩ የቤተሰብ ፎቶ የምለው ፊት የሚታይበትን፣ መነሣት የሚገባው ሰው የተነሣበትንና ከሃያ ዓመት በኋላም ማን ማን እንደሆነ የሚታወቅበትን ነው። ለዚህ ገበያ ላይ ያለ ተራ ስልክ ይበቃል። የበዓሉን ውሎ፣ የቤቱን ብርሃንና የእናትን ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ።

ፎቶ ያልተረፋቸው ንጉሥ

ፎቶ ሲጎድል ምን እንደሚቀር ግን አስቀድሜ በአንድ ታሪክ ላሳይ። ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ስሟ የሚነሣው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪስኮና ተቋም የመጡትን የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ባልደረቦቹን፣ እዚህ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. እዚህ ቀልጦ ተሠራ። በሰው ጉልበት እየተጎተተ ገደሉን ወርዶ ገደሉን ወጥቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው።

ያኔ ፎቶግራፍ በአውሮፓ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሆኖም ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶ የለም። መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች የአስከሬናቸውን ፊት በእርሳስ ሥለዋል። በየመጽሐፉ ሽፋንና በየግድግዳው የምናየው ሹሩባቸው የወረደው፣ ዐይናቸው የሚያስፈራው ቴዎድሮስ ሁሉ ከሠዓሊ እጅ የወጣ ነው።

ልጃቸው ግን ፎቶ አለው። ደጃዝማች ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ታቦር ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱን አጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ትግራይ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ካፒቴን ስፒዲ በሚባል መኮንን እጅ እንግሊዝ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም ዋይት በምትባለው ደሴት ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። የአገሩን ልብስ ለብሷል። ፊቱ ላይ የልጅ ሳቅ የለም። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ያንን ፎቶ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በብርሃን አያያዙ ማንኛውም የፎቶ ተማሪ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ግን አይደለም። ልጁን ያነሡት የወሰዱት ሰዎች ናቸው፤ አባቱና እናቱ አጠገቡ የሉም፣ "ቀና በል የኔ ልጅ" የሚለው አክስትም አጎትም የለም። የደብረ ታቦሩ ልጅ ከአባቱ ጋር የተነሣው ፎቶ በዓለም ላይ አይገኝም። የቤተሰብ ፎቶ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከዚህ አገር አላውቅም።

በዚያ ዘመን ማንሣቱ ራሱ ከባድ ሥራ ነበር። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጥተዋል፤ የመስታወቱ ሰሌዳ ግን ኬሚካል ተቀብቶ እርጥበቱ ሳይደርቅ መነሣት፣ ወዲያውም ጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ዕቃው ሁሉ በእንስሳት ጀርባ ነው የሚጓዘው። በኋላ ካሜራው እየቀለለ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠራ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ከዚያ ፎቶ ቤት ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከተሞች ወረደ። መጋረጃ ላይ የተሣለ ፏፏቴ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ክንድ የሚደገፍበት ጠረጴዛ፣ ከፎቶው ጀርባ ደግሞ "ለማይረሳ ማስታወሻ ይሁንልኝ" የሚል የእጅ ጽሑፍ፦ የወላጆቻችን ወጣትነት የተቀመጠው በዚህ መልክ ነው።

ወላጆቻችን ስል ግን ከተማ የነበሩትን ነው። ገጠር የነበሩት እናቶች ብዙዎቹ ያላቸው ፎቶ ጉርድ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈው ወይም አሁን ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ የተነሡት። ሰው ሲሞት ለቀብር የሚታተመው ትልቁ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያች ጉርድ የተቀዳ ነው። አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ ደግሰው ያበሉ፣ ዘፍነው ያጋቡ እናት ለቀብራቸው የሚቀርበው ፊታቸው ቀበሌ ወረፋ ይዘው የደነገጡበት ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች ያየ ሰው አንዲት ትንሽ ፎቶ ለቤተሰብ ምን እንደምትሆን ያውቃል። ለብዙዎቹ ወላጆች ከልጃቸው የቀረቻቸው እሷ ናት።

በሩ ጋ ያለው ብርሃን

ወደ ገና ልመለስ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ይታያል። ታኅሣሥ የውርጭ ወር ነው፤ ሰማዩ ደመና የለውም፣ አየሩ ደረቅና ቀጭን ነው። ለዐይን የሚያምር ይህ ጥርት ያለ አየር ለፎቶ አስቸጋሪ ነው። ደመና ቢኖር ብርሃኑን በትኖ ያለሰልሰው ነበር፤ በጠራ ሰማይ ግን ፀሐይ በቀጥታ ትመታለች፣ ጥላውም ጥቁር ይሆናል። በገና ሰሞን ፀሐይ እዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትወጣለች፤ ምሽት 12 ሰዓት አለፍ እንዳለ ትጠልቃለች። ለስላሳው ብርሃን እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የቤተሰብ ፎቶ የሚነሣው ግን ሰዉ በልቶ ከጠገበ በኋላ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከቀኑ ሁሉ ክፉው ሰዓት ያ ነው።

ሰዓቱን መምረጥ ካልተቻለ ቦታውን መምረጥ ይቻላል። ቤቱ ራሱ ጥላ ይጥላል። ሰዉን በዚያ ጥላ ውስጥ አቁሞ ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ ማዞር ነው፤ ብርሃኑ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ዐይንም ይገለጣል። የባሕር ዛፍ ጥላ ግን አያዋጣም፤ በቅጠሉ መሐል የሚሾልከው ፀሐይ ፊት ላይ ዥንጉርጉር ያወጣል። ለድግስ የሚተከለው ሰማያዊ የሸራ ዳስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብርሃኑ በሸራው አልፎ ስለሚገባ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ያንን ቀለም በኋላ ለማስተካከልም ያስቸግራል።

ሁሉን የሚያሸንፍ አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የቤቱ በር ነው።

በጋፋት አንድ ቤት የገና ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። አያት ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ተመልሰዋል። ኅዳር 15 የገባው ጾም ተፈቷል። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ የውስጡ ግድግዳ በምድጃ ጭስ ጠቁሯል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ስልኳን ይዛ ትዞራለች።

"እማማ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ይውጡና ከሁላችንም ጋር እናንሣዎት።"

"ሥራ ፈትቼ ፀሐይ ላይ ልገተርልሽ? ይልቅ ጀበናው እንዳይገነፍል እይልኝ።"

ልጅቷ አልተከራከረችም። ረከቦቱን ከነቄጤማው አንሥታ ወደ በሩ አስጠጋችው፤ በርጩማውንም አመጣች። "እንግዲያው እዚህ ሆነው ይቅዱ፤ ጓዳው ጨለማ ነው።" አያት መጥተው ተቀመጡ። እሷም ከምድጃው በኩል ጥግ ላይ ቁጭ አለች።

በተከፈተው በር የሚገባው ብርሃን ከአንድ ወገን ነው የሚመጣው፤ ከሰማይ የተንጸባረቀ እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ ስላልሆነ ፊትን አያቃጥልም። ከጉንጫቸው ላይ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሽብሽብ መስመር እየተከተለ ወደ አገጫቸው ወረደ። ግንባራቸው ላይ ያለው ንቅሳት ተለይቶ ታየ። የነጠላቸው ጥለት፣ ሲኒውን የያዙት ጣቶች፣ በርበሬ የነካው ጥፍራቸው ሁሉ አለ። ከኋላቸው ያለው በጥላሸት የጠቆረ ግድግዳ በፎቶው ላይ ምንም አይታይም፤ ፎቶ ቤቶች ገንዘብ አውጥተው የሚገዙት ጥቁር መጋረጃ ይህንኑ ለማግኘት ነው። ዕጣኑ ሲጨስ ጭሱ ከበሩ ብርሃን ጋር ተገናኝቶ ነጭ ክር ሆኖ ወጣ። ፍላሽ ቢሆን ኖሮ ያ ጭስ ፊታቸውን የሚሸፍን ጉም ይሆን ነበር። ለዚህ ነው የገና ቀን ፍላሽ መዘጋት ያለበት።

አያት ቡናውን ቀዱ፣ ሲኒውን አቀበሉ፣ ልጁን ተቆጡ፣ ሣቁ። ልጅቷ ዝም ብላ አነሣች። ማንም "ወደዚህ እዩ" አላለም። በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ ቡና ሊጠጡ መጥተው በዙሪያቸው ተቀመጡ፤ የቤተሰቡ ፎቶ ሳይታወቅ እዚያው ተሠራ፣ አያትም መሐሉ ላይ ናቸው። እናት ከፎቶ የምትጠፋው ሥራ ላይ ስለሆነች ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ወደ ሥራዋ ይሂድ።

ደግሞም ሥራዋ ነው መነሣት ያለበት። ዶሮው ሲገነጠል፣ እንጀራው ከምጣድ ሲነሣ፣ ጠላው ሲጠለል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጆቿ የሚናፍቁት ይህን ነው። እርግጥ ጭስ የበላው የሥራ ልብስ ለብሶ መነሣት የማይወዱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ያንን ማክበር ይገባል። "መጀመሪያ ሥራ ላይ እንዳለሽ ላንሣሽ፣ ከዚያ ጥልፉን ለብሰሽ ደግሞ እናነሣሻለን" የተባለች እናት እምቢ ስትል አላጋጠመኝም። ዋናው ሁለተኛውን ቃል አለማጠፍ ነው።

ነጩ ነጠላና ጠይሙ ፊት

ብርሃኑ ከተገኘ በኋላም ፊት የሚጠቁርበት ምክንያት አለ፤ እሱም ካሜራው ራሱ ነው። ካሜራ ብዙ ጊዜ ለሰው ፊት ከልብስ ለይቶ አያደላም። በፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ መሐከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ዐሥር ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ሲቆም ያያል፤ "ይህ በጣም በርቷል" ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከዚያ በታች ወርዶ ይጠፋል። በኢትዮጵያ በዓላት ፎቶ ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ መፍትሔውም ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በስልኩ ላይ ፊቱን በጣት መንካት፣ አጠገቡ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ መግፋት። ነጠላው ጥቂት ቢፈካ አይጎዳም፤ ነጠላ ነጭ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የእናቴን ፊት ግን ሌላ የሚያውቀው የለም።

የጠቆረ ቆዳን በአግባቡ አለማሳየት የቆየ ችግር ነው። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም "ሸርሊ" ይባል ነበር። ቀለሙ ትክክል ነው የሚባለው የሸርሊ ቆዳ ትክክል ሲወጣ ነው፤ የእኛ ሰው እንዴት እንደወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ፊልሙ እንዲሻሻል ግፊት ካደረጉት መካከል ፎቶው ላይ ጥቁሩ ከፈዛዛው አልለይ ያላቸው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ ካርዱ ላይ ጥቁርና እስያዊ ፊት የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግል በስልኮቹ ካሜራ የጥቁር ቆዳን ቀለም የሚያስተካክል አሠራር ይዞ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ አሁንም "ማስዋቢያ" በሚሉት ነገር ፊትን ያነጣሉ፣ መስመሩንም ያጠፋሉ። ያንን ዝጉት። የሰማንያ ዓመት ፊት መስመሩ ከጠፋ ምኑ ቀረ?

ሌንሱንም ጥረጉ። የበዓል ቀን ስልክ ቅቤ በነካው እጅ ሲነካካ ነው የሚውለው፤ ጉም የለበሰ የሚመስል ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

በቡድን ሲነሡ ርቀት ይጠበቅ። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ ቀርበው ካነሡ ጠርዝ ላይ የቆሙት ይለጠጣሉ፤ የዳሩ አጎት ፊት ይሰፋል። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ መሄድና ዳር ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ መተው ይሻላል። ትልልቆቹን በወንበር ማስቀመጥ፣ ልጆቹን ከእግራቸው ሥር፣ ጎልማሶቹን ከኋላ። ይህ በአገራችን ወግም ልክ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም። ሕፃን ብቻውን ሲነሣ ግን አንሺው ይንበርከክ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ልጅ አናቱ እንጂ ዐይኑ አይታይም።

ስንት ጊዜ ማንሣት ይበቃል? ፒርስ ባርንስና ኒክ ስቬንሰን የተባሉ በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች የዐይን ጥቅሻን አስልተው የሠሩት ቀመር አለ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ አስቆ በኋላ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን "ኢግ ኖቤል" ሽልማት አግኝተዋል። ከሃያ ሰው በታች ከሆነና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ የሰዉን ቁጥር ለሦስት ማካፈል ነው፤ 15 ሰው ከሆነ አምስት ጊዜ። ብርሃን ሲያንስ ለሁለት። ያን ያህል ካነሣችሁ ሁሉም ዐይኑን የገለጠበት አንድ ፎቶ ሳይገኝ አይቀርም።

ስለ ሣቅ አንድ ነገር ልበል። በዚሁ አካባቢ ባሉት በፋርጣና በጋይንት ሽማግሌዎች ፎቶ ሲነሡ አይሥቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጽንተው ይቆማሉ። ከከተማ የመጣ የልጅ ልጅ "ሣቁ እንጂ አባባ!" እያለ ያስጨንቃቸዋል። ተዉአቸው። ያ ክብራቸው ነው፤ ለእነሱ ፎቶ እንደ ምስክር ቃል ነው፣ ይቆያል ብለው ነው የሚቆሙለት። ሣቃቸውን ከፈለጋችሁ ወሬ ሲያወሩ ጠብቁ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ካለ አያምልጣችሁ። ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት፣ በዱላ ጥንግ የሚመታበት ይህ ጨዋታ ከየከተማው እየጠፋ ነው። ብርሃኑም ያኔ ነው የሚያምረው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል አቧራው ይበራል። ከጎን ሆኖ፣ የስልኩን ማንሻ ተጭኖ በመያዝ ተከታታይ ማንሣት ነው፤ ከብዙው አንዱ ዱላው ጥንጉን ሲመታ ይገኛል። ዱላው ከሚደርስበት ግን ራቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሥርዓት አለ፤ ቅዳሴ ላይ ስልክ መደቀን ነውር ነው። ከደጀ ሰላም ውጭ፣ ሕዝቡ ሲወጣ፣ ካህናቱን አስፈቅዶ ማንሣት ይቻላል።

ከስልኩ ያልወጣ ፎቶ

የተነሣው ፎቶ መጨረሻው ምንድን ነው? በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የ2016 ገና ሲደርስ ፎቶ አንሥቶ ውጭ ላለ ልጁ መላክ ያልቻለው ሰው ብዙ ነው። ፎቶዎቹ ስልክ ውስጥ ቀሩ። ስልክ ደግሞ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ለታናሽ ሲተላለፍ ይደመሰሳል። በእነዚህ ዓመታት ከቤት ንብረቱ በጦርነት የተፈናቀለ ቤተሰብም በዚህ ክልል ጥቂት አይደለም፤ ፎቶውን በአንድ ስልክ ወይም በአንድ አልበም ብቻ ያስቀመጠ ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣል።

ስለዚህ ፎቶ ይታጠብ። ሁሉም ሳይሆን ከዓመቱ የተመረጡት ሦስት ወይም አራቱ። አንዱ ለአያት ቤት፣ አንዱ ለሌላ ከተማ ላለ ልጅ። ሁለት ቤት ያለ ፎቶ በአንድ አደጋ አይጠፋም። አቀማመጡም ዋጋ አለው፦ ገጹ ሙጫ ያለው፣ በላስቲክ የሚሸፈነው አልበም ፎቶን ያቢጫል፤ መስታወት ላይ በቀጥታ የተጣበቀ ፎቶ እርጥበት ሲያገኘው አይላቀቅም፣ በዙሪያው ወረቀት ገብቶ ከመስታወቱ መራቅ አለበት። ከምድጃ ጭስና ቀጥታ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ይራቅ። ባለ ዳንቴሉ ፍሬም ከፍ ብሎ ጨለም ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው በዚህ ምክንያት ባይሆንም ለፎቶው በጅቶታል።

ከሁሉ በላይ ግን ስም ይጻፍ። ለቅሶ ቤት ሣጥን ተከፍቶ አሮጌ ፎቶ ሲወጣ "ይኼ ማነው?" ተብሎ መልስ ሲጠፋ ያላየ የለም። የሚያውቁት ሰው ያረፉት እሳቸው ናቸው። ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ወረቀቱ እርሳስ ካልተቀበለ በቀጭን ማርከር ጠርዙ ላይ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከነአባት፣ ቦታውና ዓመቱ ይጻፍ። ስልክ የሚመዘግበው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ራሳችሁ ጻፉ። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም አትርሱ፤ ቀኑን በልማድ 29 ብላችሁ አታስፍሩ።

ስሙን የሚናገሩት አያት ናቸው። ያለፉትን ዓመታት ፎቶ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ድምፃቸውንም ቅረጹ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ገደማ አለ፤ የከተማው ፎቶ ቤትም ክፍት ነው። ጥምቀት ሳይደርስ የእናታችሁን ፎቶ አሳጥቡ፣ ከጀርባው ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፋችሁ በእጃቸው ስጧቸው።